የደጅ እሳት በደጋ አገር፤ ማገዶው፣ ምድጃውና አያያዙ

ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚዘልቀው የጉና ተራራም ቅርቧ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ በጉና ግርጌ ያለው መስክ ማለዳ ውርጭ ለብሶ ይታያል። በእንዲህ ያለ አገር ደጅ እሳት ማንደድ መዝናኛ ሆኖ አያውቅም። ዘበኛው በር ላይ ያነዳል፤ እረኛው በመስክ፣ ሰብል ጠባቂው ከማማው ሥር፣ ለቅሶ የደረሰው ከድንኳኑ ደጃፍ፣ ለንግሥ ዋዜማ ያደረው ምእመን ከቅጥሩ ሥር፣ የሠርግ ወጥ የምትሠራዋ ከጓሮ።

በቅርብ ዓመታት ሌላ ዓይነት የደጅ እሳትም መጥቷል። በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ያሉ ሆቴሎችና የመዝናኛ ግቢዎች ለእንግዳ ማምሻ ብለው በእግር የቆመ የብረት ማንደጃ ከሣሩ ላይ ያስቀምጣሉ። ውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ ከሜክሲኮ የመጣውን ሆደ ሰፊ፣ አንገተ ረጅም የሸክላ ምድጃ፣ ቺሚኒያ የሚባለውን፣ ገዝተው ጓሯቸው ያኖራሉ። አገር ቤት ቤት የሚሠራ ሰውም በረንዳው ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዲኖረው መጠየቅ ጀምሯል። የትኛው ይሻላል? ብረት ነው ሸክላ? ጉድጓድ ነው ካብ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከጫፉ ነው የተያዘው። ከምድጃው በፊት ማገዶው አለ። የደጅ እሳት ሙቀቱም፣ ጭሱም፣ ወጪውም፣ በአገሩ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ከሁሉ በፊት የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው።

ጣራ ገዳምን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ አዲስ ዘመን ላይ ቀና ብለው ቢያዩ፣ ከከተማዋ በላይ ባለው ተራራ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይታያል። የሊቦ ከምከም ወረዳ ሜዳና ኮረብታ ታርሶ አልቆ፣ ገዳሙ ባለበት ተራራ ላይ ግን ወይራው፣ ብሳናው፣ ብርብራው፣ አጋሙና ክትክታው አሁንም ቆመዋል። ደኑን ያቆየው የገዳሙ ሥርዓትና የሕዝቡ ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። ከዚያ ዛፍ መቁረጥ ነውርም ኃጢአትም ነው። በደቡብ ጎንደር የተረፈው አገር በቀል ደን በአብዛኛው እንዲህ በቤተ ክርስቲያንና በገዳም ዙሪያ የተጠለለ ነው። የሥነ ምሕዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዞኑ ያሉ 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነውም በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲካብ አድርገዋል። ካቡ ከብት እንዳይገባ ይከለክላል፤ ከብት ካልገባ የወደቀው ዘር በቅሎ ችግኝ ይሆናል።

ወይራን እንደ ማገዶ ማንም አያማውም። ከባድ ነው፤ ፍሙ ይቆያል፤ ጭሱ እንኳ ይፈለጋል፤ የጠላ ጋን፣ የወተት ዕቃ ይታጠንበታል። ነገር ግን ወይራ ለማደግ የሰው ዕድሜ ይፈጃል። ለዕቃ ማጠኛ የምትበቃ አንዲት ቁራጭና ለአንድ ምሽት ሙቀት የሚነድ ግንድ እኩል አይታዩም። ለመሞቂያ ብሎ ወይራ፣ ጥድ ወይም ኮሶ መፍለጥ በዚህ አገር ሊቀር የሚገባው ነገር ነው። ሆቴሎች ለእንግዳ ማምሻ የወይራ ፍልጥ ሲደረድሩ ማየት ያሳዝነኛል፤ እንግዳው ልዩነቱን አያውቀውም፤ ደኑ ግን ያውቀዋል።

ለሙቀት የሚሆነው የተተከለ ዛፍ ነው፤ በደጋው ደግሞ ያ ባሕር ዛፍ ነው። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአገሩ የተስፋፋው ይህ ዛፍ በፋርጣ፣ በእስቴም ሆነ በሊቦ ከምከም የገበሬው ባንክ ሆኗል፤ ለአጣና ይሸጣል፤ ቅርንጫፉና ጉቶው ለማገዶ ይሆናል። ነውሩ ሁለት ነው። ቅጠሉ ዘይት ስላለው ቦግ ብሎ ይነዳል፤ ስለዚህ ለማቀጣጠያ ጥቂት በቂ ነው። እንጨቱ ደግሞ ካልደረቀ ያጨሳል። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውኃ ነው፤ እሳቱ መጀመሪያ የሚደክመው ያንን ውኃ ለማትነን ነው፤ ሰው የሚሞቀው ከዚያ የተረፈውን ነው። እርጥብ የባሕር ዛፍ ፍልጥ እሳት ላይ ሲጣል ጫፉን ያዩት እንደሆነ ይንጨረጨራል፤ አረፋ ይደፍቃል፤ ከዚያ ነጭ፣ ወፍራም፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይለቃል። የተቀመጠው ሰው ሁሉ ቦታ ሲቀያይር የሚያመሸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምድጃውን ቢለውጡት ለውጥ አይመጣም።

መፍትሔው ጊዜ ነው። እንጨቱን በጥቅምት ወይም በኅዳር፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ ቆርጦ ወዲያው መፍለጥ ይገባል፤ ድፍን ግንድ ከነልጡ ዓመትም ቢቀመጥ ውስጡ አይደርቅም። ፍልጡ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ፣ ጎኑ ለነፋስ ክፍት ሆኖ፣ አናቱ ብቻ በቆርቆሮ ይሸፈናል። በላስቲክ ሙሉ በሙሉ የጠቀለሉት እንጨት ይሻግታል። በጋውን እንዲህ የቆየ ፍልጥ ክረምት ሲገባ ዝግጁ ነው። የደረቀውን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጫፉ ተሰነጣጥቆ፣ ልጡ ተላቅቆ ይታያል፤ ሁለቱን ቢያጋጩአቸው ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣሉ፤ እርጥቡ ግን ድፍን ድምፅ አለው።

ከሰል የሚመርጡ አሉ፤ ጭስ ስለሌለው። ከጥቂት አሥርት ዓመታት ወዲህ በአዊ ዞን፣ በተለይ በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ከእርሻው ላይ ተክሎ፣ በጥቂት ዓመታት ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ ይሸጣል፤ ከዚያም መልሶ ይተክላል። ከሰል መግዛት ግድ ከሆነ ከተተከለ ዛፍ የወጣውን ጠይቆ መግዛት ያስኬዳል። በጉና ላይኛው ወገን እንጨት በጠፋበት ቦታ ደግሞ የሚነደው ኩበት ነው። ኩበት ቀስ ብሎ ይግማል፤ ሌሊቱን ሙሉ ፍም ይዞ ያድራል። ማሳው ያጣው ማዳበሪያም እሱው ነው፤ ገበሬው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሌላ ስለሌለው ነው።

የማይነደውንም መናገር ያስፈልጋል። ቅንጭብና ቁልቋል ወተታቸው ዓይን የሚጎዳ ስለሆነ ወደ እሳት ባይቀርቡ ይሻላል። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ የኮምፖርሳቶ ስብርባሪ፣ መድኃኒት የጠጣ የመብራት ምሰሶ ቁራጭ፣ የተጣለ ጎማ ከእሳት መግባት የለባቸውም፤ ጭሳቸው መርዝ ነው። በየሰፈሩ የተለመደው ፌስታል ለኩሶ እንጨት ማቀጣጠልም እንዲሁ። ጋዝ ወይም ቤንዚን ማርከፍከፍ ደግሞ፣ በተለይ ፍም ባለበት ላይ፣ ስንቱን ፊት አቃጥሏል። ደረቅ ጭራሮ፣ ጭድና ትንሽ የጥድ ስንጣሪ ካለ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

አሁን ወደ ምድጃው። ከሁሉ የቀደመው ሦስት ጉልቻ ነው፤ ዛሬም ከሁሉ የበዛው እሱ ነው። ለድስት መቀመጫ ይመቻል፤ ሙቀት ግን አይዝም። በነፋስ መካከል ጉልቻ ላይ የሚነድ እንጨት ከጉልበቱ ለድስቱ የሚደርሰው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ብቻ ነው። በጥር ሠርግ ጓሮ ገብቶ ያየ ያውቀዋል፤ አምስትና ስድስት ብረት ድስት ተጥዶ፣ እናቶች ጎንበስ ብለው፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አስረው፣ ከጭሱ ጋር ሲታገሉ ይውላሉ፤ ዳሱ ውስጥ ያለው እንግዳ ደግሞ ወጡን ያመሰግናል። የደጅ እሳት ጉዳይ በቅድሚያ የእነዚህ እናቶች ሳንባና ዓይን ጉዳይ ነው። ለዚህም የተለፋበት ነገር አለ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የወጣው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ከሲሚንቶና ከእሳተ ገሞራ አሸዋ የሚሠራ፣ ምጣዱን ዙሪያውን የሚከብብ ሲሆን፣ ከጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃም የዚያው ዘመን ልጅ ነው፤ ውጭው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው፤ ሸክላው ሙቀቱን ይይዛል። እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ውስጥ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ቤቶችን የጎበኘም ከጭቃ የተሠራውን፣ ጭሱን ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ምድጃ ያስታውሳል። የሦስቱም ትምህርት አንድ ነው፦ እሳቱን መክበብ፣ አየር ከታች መስጠት፣ ለጭሱ መንገድ ማበጀት።

ለመሞቂያ ሲሆን ግን ሒሳቡ ይለያል። ድስት የሚፈልገው ሙቀት ከላይ ነው፤ ሰው የሚፈልገው ከጎን ነው። ስለዚህ ጥሩ የመሞቂያ እሳት ዝቅ ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ፍሙ ወደ ሰው የሚያይ ነው። ለግቢ ከሁሉ የምወደው ዝቅ ያለ የድንጋይ ክብ ነው። መሬቱ አንድ ክንድ የማይሞላ ጥልቀት ተቆፍሮ፣ ከሥሩ ጠጠርና አሸዋ ተነጥፎ ውኃ እንዲሠርግ ይደረጋል፤ ዙሪያው በጥቁር ድንጋይ በአንድ ወይም በሁለት ረድፍ ይካባል፤ ከታች በሁለት ወገን አየር መግቢያ ይተውለታል። ድንጋዩ ግን ከየትም አይለቀምም። ከርብ ወይም ከጉማራ ወንዝ ዳር የመጣ ድቡልቡል ድንጋይ ያምራል፤ ይሁን እንጂ ውስጡ ውኃ ካዘለ እሳት ሲያገኘው ውኃው ተንኖ መውጫ ስለሚያጣ ድንጋዩ ፈንድቶ ይበተናል። ከኮረብታ የተፈለጠ፣ በፀሐይ የከረመ ድንጋይ ይሻላል፤ እሱንም የመጀመሪያዎቹን ቀናት በትንሽ እሳት ማለማመድ ነው።

ብረት ቀላሉ መንገድ ነው። ከጋራዥ የተጣለ የመኪና ቸርኬ በሦስት የብረት እግር ላይ ተበይዶ የዘበኛ ምድጃ ሲሆን በየከተማው ይታያል፤ ወፍራም ስለሆነ ዓመታት ይቆያል፤ ቀዳዳዎቹም አየር ያስገባሉ። ግማሽ በርሜልም እንዲሁ ያገለግላል፤ በርሜሉ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ማወቅ ግን ግድ ነው፤ የኬሚካል ወይም የነዳጅ በርሜል እሳት አይገባውም። ከብየዳ ቤት አዲስ የሚያሠራ ሰው ቀጭን ላሜራ እንዳይቀበል እመክራለሁ፤ በአንድ ክረምት ይጣመማል፤ በሁለተኛው ይበሳል። ሦስት ወይም አራት ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ ከመሬት አንድ ጫማ ያህል ከፍ ያለ እግር፣ ከሥሩ የዝናብ ውኃ ማውጫ ቀዳዳ፤ ሦስቱ ከተሟሉ ዕቃው ልጅ ያሳድጋል። የብረት ጠላቱ አመድ ነው። አመድ እርጥበት ሲያገኝ ብረቱን ይበላዋል፤ ስለዚህ ሰኔ ከመግባቱ በፊት አመዱ ተጠርጎ፣ ብረቱ በጨርቅ ዘይት ተቀብቶ፣ ተደፍቶ ወይም ጣራ ሥር ገብቶ መክረም አለበት።

ሸክላ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ከሁሉ የተናቀውና ከሁሉ የሚያስደንቀው እሱ ነው። ቺሚኒያ ሸክላ ነው። ሆዱ ውስጥ እሳቱ ይነዳል፤ ፊቱ ላይ ባለው አፍ አየር ይስባል፤ አንገቱ ጭሱን ከሰው ራስ በላይ ወስዶ ይለቀዋል። ለነፋሻ ቦታ፣ ለጠባብ በረንዳ፣ ለሁለት ለሦስት ሰው ጥሩ ነው። ለእኛ አቀማመጥ ግን ይጎድለዋል፤ እኛ እሳት የምንሞቀው ከበን ነው፤ የቺሚኒያ አፍ የሚያየው አንድ ወገን ብቻ ነው፤ ከኋላው የተቀመጠ ብርድ ይዞት ያመሻል።

ገዝተው የተጠቀሙበት ሁሉ የሚያማርሩት መሰንጠቁን ነው። በሸክላ የኖረች የጎንደር እመቤት ለዚህ መልሱን ታውቃለች። አዲስ ምጣድ ገበያ ተገዝቶ እንደ መጣ እንጀራ አይጋገርበትም፤ በትንሽ እሳት እየሞቀ፣ በተፈጨ ጎመን ዘር እየታሸ፣ ጥቁርና ልስልስ እስኪሆን ይሟሻል። ጀበናም ይሟሻል። ቺሚኒያም የሚፈልገው ያንኑ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት እሳቶች ጭራሮ ብቻ የሚነድባቸው፣ ቀስ ብለው የሚሞቁ፣ ቀስ ብለው የሚቀዘቅዙ መሆን አለባቸው። ሆዱ ውስጥ ከአፉ ዝቅ እስኪል ድረስ አሸዋ ይሞላል፤ ፍሙ በቀጥታ ሸክላውን እንዳይነካ። የሞቀ ሸክላ ላይ ውኃ መድፋት ግን በእጅ መስበር ማለት ነው። ዝናብ የጠጣ ሸክላም በአንድ ጊዜ ትልቅ እሳት ከተጫነበት ይተረተራል፤ ስለዚህ ክረምቱን ጣራ ሥር ያሳልፋል፤ ሲወጣም እንደ ገና በትንሽ እሳት ይለማመዳል።

የአገራችን ሸክላ ሠሪዎች ዕቃቸውን ራሳቸው የሚተኩሱት በደጅ እሳት ነው። ጭቃው ከአሮጌ ሸክላ ስብርባሪ ዱቄት ጋር ይለወሳል፤ ይህ ዱቄት ሸክላው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እንዳይሰነጠቅ ልብ ይሰጠዋል። ዕቃው በፀሐይ ደርቆ፣ ከእሳት ዳር እየተገላበጠ እርጥበቱ ከወጣ በኋላ፣ በተነጠፈ ኩበትና ጭራሮ ላይ ይደረደራል፤ በሣርና በኩበት ተሸፍኖ ይነዳል። ሠሪዋ ሙቀቱን የምታውቀው በዓይኗ ነው፤ ቅላቱን አይታ የበሰለውን በረጅም እንጨት ትጎትታለች። እንዲህ በዝቅተኛ እሳት የተተኮሰ ዕቃ ሰውነቱ ለስላሳና ቀዳዳማ ስለሆነ ድንገተኛ ሙቀት ይችላል፤ ከፋብሪካ የወጣ ደረቅ ሸክላ ይህን አይችልም። እንዲህ ያለ ዕውቀት ያላቸውን ሰዎች ኅብረተሰባችን ለዘመናት ቡዳ እያለ ሲያገልላቸው ኖሯል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ የእጅ ባለሙያን ክብር ለማሳየት የደከሙበትን ሰው ሁሉ ያነሣል፤ በ1859 ዓ.ም. ገደማ ሚሲዮናውያን ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያቀለጡት እዚያ ነው። ከዚያ ምድጃ በፊትም በኋላም ጭቃንና እሳትን አስማምተው የኖሩትን ሴቶች ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው።

ምድጃው የትም ይሁን፣ ቦታው መመረጥ አለበት። ከሣር ክዳን ቤትና ከጭድ ክምር ቢያንስ አሥር ሜትር ይራቅ፤ ነፋስ ባለበት ሰሞን ከዚያም በላይ። ከላዩ የዛፍ ቅርንጫፍም የመብራት ሽቦም አይኑር። በተራራ አገር ነፋሱ የራሱ ሰዓት አለው፤ ቀን ከቆላው ወደ ላይ ይወጣል፤ ማታ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ቀዝቃዛው አየር ከጉና ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የማታ እሳት ሲነድ ሽማግሌውንና ሕፃን የያዘችውን በላይኛው ወገን ማስቀመጥ ነው፤ ጭሱ ወደ ታች ይሄድላቸዋል። አነዳደዱ ላይ ትልቁ ስሕተት ብዛት ነው፤ ግንድ ከምሮ እፍ ማለት። ትንሽና ደማቅ እሳት ከትልቅና ከሚጨስ እሳት ይበልጥ ያሞቃል፤ ፍም ከያዘ በኋላ አንድ አንድ ፍልጥ እየጨመሩ መቆስቆስ ይበቃል።

ያለ ምድጃ የሚነዱት የበዓል እሳቶች የራሳቸው ወግ አላቸው። ቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ከከተማይቱ ጋር ስም የሚጋራው የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ ልጆቹ ጅራፍ እያጮኹ፣ ሙልሙል እየተቀበሉ፣ ዋዜማውን ችቦ ያበራሉ። ቡሄ በክረምት መካከል ስለሚውል የችቦው እንጨት አስቀድሞ ደርቆ ቤት መግባት አለበት፤ የገጠር ቤተሰብ ይህን በደንብ ያውቅበታል። የመስቀል ደመራ፣ በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው በዓል አካል፣ አዲስ አበባ ላይ መስከረም 16 ማታ ይለኮሳል፤ በብዙ የጎንደርና የጎጃም አጥቢያ ግን መስከረም 17 ንጋት ላይ ነው። አመዱን ሰው በግንባሩ ላይ የመስቀል ምልክት አድርጎ ይቀባዋል። ደመራ ከብዙ ቤት አንድ አንድ ችቦ የሚወጣበት ስለሆነ፣ ደን አይጨርስም፤ ይህን አደራረግ የሚያወጣ ወግ ራሱ ጥበብ ነው። ለማማር ሲባል እርጥብ ዛፍ ከሥሩ ቆርጦ መካከል ማቆም ሲበዛ ግን ካህናቱና ሽማግሌዎቹ አንድ ቃል ቢናገሩ ይሰማሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን የደጅ እሳት ወደ ቤት ሲገባ ነው። ማታ ደጅ የሞቁበት ማንደጃ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር፣ ከብርዱ የተነሣ አንሥቶ መኝታ ክፍል ማስገባት የተለመደ ነው። ጭስ ስለሌለው የሚጎዳ አይመስልም። ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከደማችን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ይጀምራል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ይህንንም ሳያውቅ ያልፋል። በየክረምቱ፣ በየበዓሉ ማግሥት፣ ከሰል ቤት አስገብተው ያደሩ ሰዎች በር ተሰብሮ ተገኙ የሚል ዜና እንሰማለን። መስኮት ትንሽ ከፈት ማድረግ አያድንም። ለቅሶ ድንኳንና የሠርግ ዳስም ሸራው በአራቱም ወገን ወርዶ ከተዘጋ ቤት ነው፤ ውስጡ ማንደጃ አይቀመጥም። ራሱን የሳተ ሰው ከተገኘ ወዲያው ንጹሕ አየር ወዳለበት ማውጣትና ሐኪም ቤት ማድረስ ነው፤ ፊቱ ላይ ውኃ እየረጩ እዚያው ማቆየት ይገድለዋል።

የእሳት አደጋውም ቀላል አይደለም። ዳዴ የሚል ሕፃንና የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ክፍት እሳት አጠገብ ብቻቸውን አይተዉም። የተቃጠለ አካል ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ማፍሰስ ነው፤ ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና መቀባት ቁስሉን ያመረቅዛል።

እናቶቻችን ማታ እሳት ሲያዳፍኑ ፍሙን ሰብስበው በአመድ ይሸፍኑታል፤ ጧት ሲገልጡት ፍሙ ሕያው ነው፤ ክብሪት ባልነበረበት ዘመን እሳት መጫሪያ ጎረቤት የሚኬደው ያ ከጠፋ ብቻ ነበር። ይህ ግሩም ልማድ ለቤት ምድጃ ነው። በመስክ፣ በደን ዳር፣ በበጋ ግን የተዳፈነ እሳት አደጋ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ አመዱ ይበተናል፤ ፍንጣሪው ደረቅ ሣር ያገኛል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል እሳቱን ለማጥፋት ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጥቷል፤ የጓሳው ሣር ደርቆ ባለበት ወር አንድ እሳት ምን ያህል እንደሚሄድ ያኔ አይተናል። በድንጋይ ክብና በጉድጓድ ውስጥ ያለ እሳት ውኃ ተደፍቶበት፣ በእንጨት ተማስሎ፣ እንደ ገና ውኃ ተደፍቶበት፣ የእጅ ጀርባ ሲያቀርቡት ሙቀት እስኪያጣ ድረስ አልጠፋም። ለሸክላ ደግሞ ውኃው በአሸዋ ይተካል። የቀዘቀዘው አመድ አይጣልም፤ በፋርጣና በጉና ዙሪያ ያለው አፈር አሲዳማነት የሚያጠቃው ስለሆነ ለጓሮ አትክልት መደብ ጥሩ ነው። ፍም ሊኖርበት የሚችል አመድ ግን በብረት ባልዲ ሆኖ ሁለት ቀን ከቤት ርቆ ይቆይ።

አዲስ ምድጃ ለሚያስብ ሰው እንግዲህ ምክሬ እንዲህ ነው። ሰፊ ግቢ ያለው የድንጋይ ክብ ይሥራ፤ የሚያወጣው ጉልበት ብቻ ነው። ሆቴል ያለው ወፍራም ብረት ያሠራ፤ የባሕር ዛፍ ፍልጥም ከዓመት ቀደም ብሎ ይግዛ። በረንዳ ብቻ ያለው ቺሚኒያን ከውጭ ከማስመጣት ለአገሩ ሸክላ ሠሪ ይዘዝ። ሆዱ ሁለት ክንድ ዙሪያ፣ አፉ ጭራሮና ቀጭን ፍልጥ የሚያስገባ፣ አንገቱ ከሆዱ ተለይቶ የሚነሣ ቢሆን ለማጓጓዝም ለመተኮስም ይቀላል፤ አንዱ ቢሰበር ሌላው ይተርፋል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ለተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራ ከዚህ የተሻለ ርእስ ከደጁ አያጣም፤ ሸክላ ሠሪዋንና ተማሪውን አንድ ላይ አስቀምጦ መሞከር ነው። የሸክላው ዋጋ ሳይከራከሩ የሚከፈል ይሁን፤ ቀብዱም ቀድሞ ይሰጥ። ትእዛዙ መድረስ ያለበት ከመስቀል በኋላ ነው፤ በክረምት ጭቃው አይደርቅም፤ እሷም አትተኩስም።